ቀይ እስካበራ

"ጣትሽን አምጪ!" አለችኝ የባሌ እህት አስካለ፣ ሰላም እንኳ ሳትለኝ።

ልቡ በቂ ደም እንደማያገኝ የደም ምርመራው ቀይ አብርቶ ያሳየበት ሰው መርዶ እንዳይነገረው ሕግ ወጥቷል። የኔ ምርመራ ስምንት ወር ሙሉ በየጠዋቱ ቀይ ሲያበራ ኖሯል። ዳሎል ማዕድን ሊቆፍር የሄደው ልጄ ይርጋም ከደወለ ስምንት ወሩ ነው።

የመመርመሪያው መሣሪያ ጣቴን ወጋና ቀይ አበራ።

"የልብሽን ኪኒን አትውጪም ማለት ነው!" ብላ ጮኸችብኝ። ከነጠላዋ ሥር የጥቁር ቀሚሷ ጠርዝ ታየኝ። ማየቴን ስታውቅ ቶሎ ሸፈነችው።

"ምነው፣ ይርጋ ደህና አይደለም እንዴ?" አልኳት ሆን ብዬ።

"ደህና ነው፤ ሥራ በዝቶበት ነው" አለች ጥርሷን ነክሳ። "በይ አሁን እዚሁ ፊቴ ዋጪ!"

ኪኒኑን ምላሴ ሥር ሸሽጌ ውሃ ጠጣሁበት። እንደወጣች የአበባው ማሰሮ ውስጥ ተፋሁት። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው የልጄን ንጹሕ ሹራብ እንደገና አጥቤ አሰጣሁ።

ደረቴን ሲወጋኝ የልብሱን ገመድ ይዤ ቆምኩ። ይውጋኝ። ደሜ ቀይ እስካበራ ድረስ ልጄን ማንም አይገድልብኝም።