ጎንበስ በሉ

የከተማው የቤት ኪራይ ያስመረረው ሁሉ እዚህ ገጠር መጥቶ ቤት ስለሠራ፣ መንደሩ በሁለት ዓመት ውስጥ እጥፍ ሆነ። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ የሚያደርሰው ሚኒባስ ግን ያው አንዱ ነው። ድንቄም ትራንስፖርት!

ነርሷ ዛሬም ወንበር አላገኘችም፤ መተላለፊያው ላይ ቢጫ ጄሪካን ተሰጥቷት ተቀምጣለች። ሌላ ጄሪካን ላይ ተቀምጦ የተጣበቃት ጎልማሳ ጥቁር ፌስታል አቅፎ፣ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት የሚል ትንፋሹን አንገቷ ላይ ይለቅባታል። መስኮት የሚከፍት የለም።

ኬላው ሲቃረብ ረዳቱ እንደ ወትሮው ጮኸ፤ «ትርፎች፣ ጎንበስ በሉ! ትራፊክ አለ!»

ወንበር የሌለው ሁሉ አጎነበሰ። የጎልማሳው ላብ ያራሰው ብብት አፍንጫዋ ላይ አረፈ። ቀኑን ሙሉ መግል ስታጥብ የምትውለው ሴት እንኳ ፊቷን አዞረች።

«በቃ! ከብት አይደለሁም!» ብላ ቀና አለች።

«ኧረ ጎንበስ በይ እህቴ፣ አታስቀጪን!» አላት ጎልማሳው እንዳጎነበሰ።

ሚኒባሱ ሲቆም፣ «ትራፊክ! ትርፍ ጭኗል! ና እይ!» ብላ ጮኸች።

ትራፊኩ በሩን አስከፍቶ አንገቱን አስገባ። እሷን ገላምጦ አለፈና ያጎነበሰውን ጎልማሳ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

«ቶሎ በል እንጂ ሳጅን፣ ተረኛው አንተ ነህ! እኔ እንቅልፍ ሊደፋኝ ነው።»

ጎልማሳው ሸሚዙን እያስተካከለ ወረደ። ከፌስታሉ ውስጥ የትራፊክ ኮፍያውን አውጥቶ ደፋና ወደ በሩ ዞሮ ነርሷን በጣቱ አመለከተ።

«ረዳት፣ ይህችን ትርፍ አውርድ!»