የተተረተረው ጠርዝ

ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን ከአንገቷ ማውረድ እንኳ ረስታ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያኑ መናዘዣ ውስጥ ተንበረከከች። ከመናዘዣው መስኮት ወንፊት ወዲያ የተቀመጠው ካህን ድሮ የመጀመሪያ ቁርባኑን ልብስ የሰፋችለት ልጅ ነበር፤ ዛሬ ግን «ልጄ» የሚላት እሱ ነው።

«አባ፣ ጉድ ሆኛለሁ» አለች በሹክሹክታ። «ያንን የጌታን ፊልም በቴሌቪዥን ካየሁ ወዲህ፣ ልጸልይ ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣብኝ ተዋናዩ ነው። አርባ ዓመት የጸለይኩበት ሥዕል ድራሹ ጠፋ። ሰው እያመለክሁ ይሆን?»

«ሲመጣ ምን ይልሻል?»

«ምንም አይለኝም፤ ቆሞ ያየኛል። የእኔ ዓይን ደግሞ ቀሚሱ ላይ ነው። ጠርዙ ተተርትሮ መሬት ለመሬት ይጎተታል። ያን ሁሉ ሰው ይዘው ሲቀርጹ፣ መርፌ የሚይዝ አንድ ሰው ይጥፋ!»

ካህኑ ሳቁን በሳል ሸፈነ። «እና ምን ለመንሽው?»

የሜትሩን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠቅልላ ፈታችው። ለጉልበቷ፣ ለልጇ ሥራ፣ ለባሏ ነፍስ፤ አንድም ቀን ሳትለምነው ተነስታ አታውቅም።

«ትናንት ምንም አልለመንኩትም» አለች። «‹ደክሞሃል፤ ና አረፍ በል፣ እኔ ጠርዙን ልዘምዝምልህ› አልኩት።»

ካህኑ ወደ ወንፊቱ ጠጋ አለ።

«ንስሐሽ ይኸው ነው፤ ዘምዝመሽ ሳትጨርሺ ከጸሎትሽ እንዳትነሺ።»

ወጥታ አግዳሚው ወንበር ሥር ተንበረከከች፤ አማተበች፤ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያም ሳይታወቃት፣ በእጇ የሌለውን ክር ጫፍ በከንፈሯ አራሰች።