ማሽኑ የሚከተለው ሥዕል

«ይሄ እኮ እርጥበት ቢያድርበትም አይሻግትም» አለች የሙዚየሙ ምድር ቤት መዝገብ ያዥ፣ ዳይሬክተሩ የመረጠውን ሥዕል በጣቷ መታ መታ አድርጋ።

ፈረስ ላይ ጉብ ያለ ባለጸጋ ነው። ቫርኒሹ ከመወፈሩ የተነሳ እንደ መስታወት ጺም ያስላጫል። ከነገ ጀምሮ «የዓመቱ ቅርስ» ተብሎ መግቢያው አዳራሽ ይሰቀላል። ደንቡ ደግሞ አየር የሚያደርቀው ማሽን የተመረጠውን ሥዕል ይከተል ይላል። ሙዚየሙ ያለው ማሽን አንድ ብቻ ነው።

እስከ ዛሬ ቅርስ የሚባል ምርጫ ስላልነበረ ማሽኑ ምድር ቤት ከእሷ ጋር ኖረ። ከአየሩ የመጠጠውን ውኃ በየጠዋቱ በባልዲ እያወጣች ስትደፋ አሥራ አንድ ዓመት ሆናት። ባልደረቦቿ «የጓዳዋ እመቤት» እያሉ ያሾፉባታል። እሷ ግን የምትለፋው ለአንድ ሥዕል ነው፤ ሦስት ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፣ አንዷ ቀና ብላ ወገቧን ይዛለች። ማን እንደሳለው አይታወቅም። ቀለሙ ስስ ነው። ባለፈው ክረምት ማሽኑ ለዘጠኝ ቀን ቢበላሽ የአንዷን እጅ ሻጋታ በላው።

ይህን ሁሉ ለዳይሬክተሩ ነገረችው። ፈረሰኛው ለምን እንደተመረጠም ጠየቀችው። ዳይሬክተሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሳይሸሽግ መለሰላት። በር ላይ የሚንጠለጠለው ማስታወቂያ ቁመቱ ረጅም ነው፣ ፈረሰኛው ልክክ ይልበታል። የሴቶቹ ሥዕል ግን ወደ ጎን የሰፋ ስለሆነ አይሆንም።

«ለማስታወቂያ ተብሎ ነው እንግዲህ?»

«ታትሞ አለቀ እኮ፣ እትዬ። ለሚመጣው ዓመት የእርስዎን እንመርጣለን።»

«ለሚመጣው ዓመት ሸራው ብቻ ነው የሚቀረው።»

የገባላት ቃል ላም አለኝ በሰማይ መሆኑን ዳይሬክተሩም ያውቀዋል። ከእሱ በላይ አቤት የሚባልበት ሰው ስለሌለ እሷም ነገሩን አላስረዘመችውም። ማሽኑን ራሷ ከሶኬቱ ነቀለችው። ሁለት ሠራተኞች ደረጃውን እያቃሰቱ አወጡት፣ ፈረሰኛው ተከተለ፣ ዳይሬክተሩም ተከተለ።

ምድር ቤቱ ጭር አለ። የሴቶቹን ሥዕል ከመደርደሪያው አውጥታ ግድግዳው ሳይነካው ጠረጴዛ ላይ አቆመችው። ልትሸፍነው አሰበች፤ ግን ሽፋን እርጥበቱን ይብሱኑ ያፍናል። ሌላ የምታደርግለት ነገር አጣች። ወንበሯን ስባ፣ ሐኪም ተስፋ የቆረጠበትን በሽተኛ እንደሚያስታምም ሰው፣ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።