ሲወድቅ ምን አለ?

ስሜነሽ የልጇን ገዳይ እንደገና ታቅፋለች። መጀመሪያ ሲታቀፉ በአስፋልቱ ያለፈ ባጃጅ የቀረጻውን ድምፅ አበላሸው፤ ቀጥሎ ደግሞ ፊትሽ አልታየም አሏት። ገዳዩ ትዕዛዙ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ይስማል፣ እሷ ታነሳዋለች፣ ከእንጅባራና ከዙሪያው የተሰበሰበው ሰው ያጨበጭባል።

እርቁ ግን የእውነት ነው። ትዕዛዙ እስሩን ጨርሶ ሲወጣ ሽማግሌዎቹ ሁለቱን ቤተሰብ ቤተ ክርስቲያን ደጅ አስምለው፣ የሟች ነገር ዳግመኛ እንዳይነሳ በግዝት አስረው ጨርሰውታል። የቴሌቪዥን ሰዎቹ ይህን ሰምተው ነው ከአዲስ አበባ የመጡት። የሽማግሌዎቹ መሪ አቶ ባምላክ፣ ደም ልመልስ የሚል ጎረምሳ ሁሉ አይቶ ይማርበታል ብለው ተስማሙ። ስሜነሽም እሳቸውን አምና መጣች።

የቀራት ልጅ ይኸነው መምጣት አልፈለገም ነበር። በእናቱ ልመና መጥቶ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ዱላውን ተደግፎ ቆሟል።

የቴሌቪዥኑ አቅራቢ ለስላሳ ልጅ ናት። ጠዋት ስሜነሽ ስታለቅስ አብራት አልቅሳለች። አሁን ማይኩን ወደ ትዕዛዙ አፍ አስጠግታ የገደለበትን ዕለት እንዲያስታውስላት ትጠይቀዋለች። አቶ ባምላክ እጃቸውን ያነሳሉ፤ ይህ የተዘጋ ነገር ነው ይላሉ። እሷ በአክብሮት፣ አባባ አንዲት ጥያቄ ብቻ ናት፣ የይቅርታው ክብደት ለተመልካች እንዲገባው ነው ትላቸዋለች።

«ሲወድቅ ምን አለ?»

ትዕዛዙ ሽማግሌውን ያያል፤ ካሜራውን ያያል። ከጠዋት ጀምሮ ቁም ሲሉት ቆሟል፣ ተንበርከክ ሲሉት ተንበርክኳል። እንቢ ማለት ጠፍቶበታል።

«ወንድሙን ጠራ» ይላል። «ይኸነው ድረስልኝ አለ። ብዙ ጊዜ ጠራው።»

ስሜነሽ ይህን ሰምታ አታውቅም። ልጇ ወዲያው እንደሞተ፣ ቃል እንዳልተነፈሰ ነበር የነገሯት። ያን ዕለት ይኸነው ጥሊሊ ገበያ ውሎ ነበር። ወደ ባሕር ዛፎቹ ዞር ትላለች። ይኸነው እዚያ የለም።

የመጀመሪያው ዱላ ትዕዛዙን ጆሮው ሥር ያገኘዋል። በጉልበቱ ይንበረከካል። ቀጣዩ አናቱ ላይ ሲያርፍ አጥንት ሲሰነጠቅ ይሰማል። ሰው ወደ ኋላ ይሸሻል። ይኸነው እያለቀሰ ይመታል፣ የወደቀውን ይመታል። ስሜነሽ በትዕዛዙ ላይ ትደፋበታለች። ዱላው ክንዷን ሲሰብረው ነው ይኸነው እናቱን የሚያያት። ዱላውን ጥሎ እዚያው መሬት ላይ ይቀመጣል። ለመሸሽም አይሞክርም።

አቅራቢዋ አፏን በእጇ ይዛ ቆማለች። ካሜራ ያዡ ግን አንድ ዓይኑን ጨፍኖ እየተጠጋ ነው።

«አጥፋው ልጄ» ይሉታል አቶ ባምላክ።

አያጠፋውም። የትዕዛዙ ወንድሞች ድንጋይ ማንሳት ጀምረዋል።

የትዕዛዙ እናት በቀለች ሰዉን ጥሳ ትመጣለች። ስሜነሽ፣ ይህች እናት ትመታኛለች ብላ፣ ዓይኗን ትጨፍናለች። በቀለች መቀነቷን ፈትታ የልጇን ራስ መጠምጠም ትጀምራለች፤ ጨርቁ ያመልጣታል። ስሜነሽ በደኅናው እጇ ጫፉን ትይዝላታለች። አይተያዩም። ነጩ መቀነት ወዲያው ይቀላል።

«ይተነፍሳል?» ትላለች በቀለች።

ስሜነሽ ጣቷን ከአፍንጫው ሥር ታስጠጋለች። ከኋላዋ ድንጋይ ይወረወራል፤ የይኸነውን ስም እየጠሩ የሚሮጡ ሰዎች አቧራ ያስነሳሉ። ዞራ አታይም። ትኩስ ትንፋሽ አንዴ ጣቷን ይነካል።

ቀጣዩን ትጠብቃለች።