ዐሥራ አንደኛው ቀን

ባሕር ኃይሉ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የሐይቅ ወለል የሚያይ አዲስ መሣሪያ ጣና ላይ ሲሞክር፣ መንገድ የሚያሳዩት አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ዐሥራ አንድ ቀን ሁሉም ወገባቸው እስኪቆረጥ ጀልባው ላይ ዋሉ። በየቀኑም ሽማግሌው ዞረው ዞረው እዚያው አንድ ደሴት አጠገብ ያደርሷቸዋል።

«አባባ፣ ደግሞ እዚህ? ጣና አለቀ እንዴ?» አለ የባሕር ኃይሉ መቶ አለቃ እየሳቀ።

«ጥልቁ እዚህ ነው፣ የኔ ጌታ። ነገ ዕቃችሁን ጭናችሁ ትሄዱ የለ? አንዴ ብቻ እዩልኝ።»

መሣሪያውን ሲከፍቱት ስክሪኑ ላይ የተገለበጠ ጀልባ ከነሞተሩ ብቅ አለ። መሣሪያው ሠራ ብለው መቶ አለቃውና የዩኒቨርሲቲው ኢንጂነር ተቃቀፉ።

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ሞተሩ ለእናንተ ይሁን» አሉ። «የሚነዳው ልጄ ነበር። እሱን አውጡልኝና ልቅበረው።»