ጉርሻ የከለከለው አምባር

የአራት ዓመቱ ልጄ አቤኔዘር እጆቹ ቶሎ አልታዘዝ ስላሉት፣ የሚውልበት የሕፃናት ማዕከል «ልጆች በራሳቸው እጅ ይብሉ» በሚለው አዲስ ሕጉ መሠረት የሚናገር አምባር አሰረለት። ሰው ሊያጎርሰው ከተጠጋ «ራሱ ይብላ!» እያለ ሰፈሩን ያናውጣል። እኔማ ልጄ ሲበላ እጄ እንዳያመልጠኝ ተቀምጬበት ነው የማየው።

ትናንት አክስቴ እትዬ አሰለፈች መጡና ትልቅ ጉርሻ ጠቀለሉለት። አምባሩ ጮኸ።

«ማነው ይሄ ባለጌ?»

«የአቤኔዘር አስተማሪ ነው፣ እትዬ።»

«ሆድ የሌለው ስለ ጉርሻ ምን ያውቃል!»

አቤኔዘር ግን በራሱ እጅ ሲታገለው የቆየውን ጉርሻ ጠቅልሎ ጨረሰ። ወደ አፉ ይወስደዋል ስል አክስቴን አጎረሳቸው፤ ግማሹ አፍንጫቸው ላይ ቀረ። አምባሩ ዝም አለ።

«አንድ ያጣላል፣ ድገመኝ!» አሉ አክስቴ።

እኔም እጄ ላይ እንደተቀመጥኩ አፌን ከፍቼ ተራ ያዝኩ።