የአምባዛው ትንፋሽ

ዱካሞ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ፣ ጀርሚስተን ሐይቅ ዳር መንጠቆውን የጣለው ለእሁድ ምሳ ቆሮሶ ዓሣ ፍለጋ ነበር። ታግሎ ሣሩ ላይ ያወጣው ግን ቅርፊት የሌለው፣ ከክንድ የሚረዝም ጥቁር አምባዛ ነው።

«ወንድሜ፣ ጢሙን እየው! ለእርቅ የተላከ ሽማግሌ እኮ ነው» ብሎ ሳቀ አብሮት የመጣው ጓደኛው ማናሴ፣ መምቻ ድንጋይ እያነሳ።

አምባዛው ብዙ ቆይቶም አልሞተም። ይልቁንም ሰፊ አፉን ከፍቶ፣ እንደ ሰው ድምፅ እያሰማ አየር ሳበ። ዱካሞ ዓሣ ከውሃ ወጥቶ ሲተነፍስ አይቶ አያውቅም። ቀስ ብሎ ተንበረከከና መዳፉን ወደ ስንጥቡ አስጠግቶ ጠበቀ። እርጥብ ትንፋሽ መዳፉን ነካው።

«ይተነፍሳል» አለ በሹክሹክታ።

የማናሴ እጅ ከነድንጋዩ አየር ላይ ቀረ። ሁለቱ በድብቅ ወደዚህ አገር ሲመጡ፣ በተቆለፈው የጭነት መኪና ጨለማ ውስጥ፣ ዱካሞ በዚያው መዳፍ የተሳፋሪውን ሁሉ አፍንጫ እየዳሰሰ «ይተነፍሳል» ይል ነበር። አንዳንዱ ጋ ሲደርስ ምንም ሳይል ያልፋል። ማናሴ ራሱን ሊስት ተቃርቦ ተኝቶ ሳለ፣ ስለ እሱ የተባለችውን ያቺን አንዲት ቃል ሰምቷል።

ድንጋዩን አስቀመጠና በጅራቱ በኩል ጎንበስ አለ።

«አንተ ጭንቅላቱን ያዝ፣ ወደ ውሃው እንመልሰው» አለው ዱካሞን። «ቀስ በል፣ እንዳታፍነው።»